«ኢሚዲየትሊ» ወይስ «ኢንስታንትሊ»? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ የሚማሩም ሆኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ሰዎች ስለ እነዚህ ሁለት ተውሳከ ግሦች ደጋግመው ይጠይቃሉ። ሁለቱም «ወዲያው» ተብለው ይፈቱና ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። አላለቀለትም። አንዱ በሚገባበት ቦታ ሌላው ሲገባ ዓረፍተ ነገሩ ይጎረብጣል፣ አንዳንዴም ትርጉሙ ይለወጣል። በመድኃኒት ወረቀት፣ በውልና በኢሚግሬሽን ቅጽ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከሰዋስው አልፎ ኑሮን ይነካል። ከታች ያሉት መልሶች ርዝመታቸው እኩል አይደለም፤ ጥያቄው የጠለቀበት ቦታ ላይ መልሱም ረዝሟል።

ልዩነታቸው በአጭሩ ምንድን ነው?

«ኢሚዲየትሊ» የሚናገረው ስለ ክፍተት ነው፦ በዚህና በዚያ መካከል ምንም አልገባም ይላል። «ኢንስታንትሊ» የሚናገረው ስለ ርዝመት ነው፦ ድርጊቱ ራሱ ጊዜ አልወሰደም ይላል።

አንዲት እናት ልጇ መታመሙን በስልክ ሰማችና የያዘችውን ሥራ ጥላ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ተነሣች እንበል። መነሣቷ «ኢሚዲየትሊ» ነው። ጉዞው ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም ቃሉ ሐሰት አይሆንም፤ የመሰከረው በስልኩና በመነሣቷ መካከል ሌላ ነገር አለመግባቱን ብቻ ነውና። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ የሚጨልመው ግን «ኢንስታንትሊ» ነው። ጀመረ፣ አጋመሰ፣ ጨረሰ ብሎ መቁጠር አይቻልም።

የቃላቱ ሥርም ይህን ያግዛል። የፊተኛው «መካከል» የሚል ትርጉም ካለው «ሜዲዩስ» ከሚለው የላቲን ቃል በአፍራሽ ቅጥያ የተሠራ ነው፤ ጣልቃ የገባ የሌለበት ማለት ነው። የኋለኛው «ኢንስታሬ» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ሲሆን ላይ መቆም፣ ቀርቦ መጫን ማለት ነው። ጊዜው መጥቶ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ሌላ የሚጠበቅ የለም የሚል ስሜት አለው።

እንግዲያስ «ኢንስታንትሊ» ይበልጥ ፈጣን ነው ማለት ይቻላል?

ብዙ አስተማሪዎች እንዲህ ብለው ያልፉታል፤ ለጀማሪ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ የፍጥነት መለኪያ ላይ ማስቀመጥ ያሳስታል። አንዱ የሚለካው መጠበቅን ነው፣ ሌላው የሚለካው መፈጸምን ነው።

ለመለየት የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ስለ ድርጊቱ «ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም ይሰጣል? ደብዳቤ መጻፍ፣ ቤት መሥራት፣ ወጥ መሥራት፣ ምርመራ ማካሄድ ሁሉ ጊዜ ይፈጃሉ። ስለዚህ ከእነርሱ ጋር «ኢሚዲየትሊ» ይስማማል፤ አብዛኛውን ጊዜም «ጀመረ» ከሚል ግሥ ጋር ይመጣል። ረጅም ደብዳቤ «ኢንስታንትሊ» ጻፈች ቢባል እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግራ ይጋባል። በአንጻሩ ማወቅ፣ መጸጸት፣ መገንዘብ፣ መውደድ፣ መጥፋት፣ መሰበር የነጥብ ያህል አጭር ናቸው። በእነዚህ ላይ ሁለቱም ቃላት ይገባሉ፤ ልዩነቱም ወደ ስሜት ይወርዳል። ባየሁት ጊዜ «ኢሚዲየትሊ» አወቅሁት ቢባል ማሰብ አላስፈለገኝም ማለት ነው። «ኢንስታንትሊ» አወቅሁት ሲባል ብልጭ ያለ ነገር አለ፤ ተናጋሪው ራሱ ተደንቋል።

በዚህ በአጭር ድርጊት ክልል ውስጥ ማንም ሰው አንዱን በሌላው ቢተካ ስሕተት ነው ብዬ አላርመውም። በተቀሩት ቦታዎች ግን አርማለሁ።

በአማርኛ ሁለቱንም «ወዲያው» ማለት ትክክል ነው?

ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ነገር ግን ቋንቋችን ከዚህ የሰፋ ነው። በእኔ እምነት የብዙ ትርጉሞቻችን ድክመት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተርጓሚው እንግሊዝኛውን ባየ ቁጥር «ወዲያውኑ» እያለ ይጽፋል፤ ገጹ በ«ወዲያውኑ» ይሞላል፤ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ግን እንደዚያ አይናገርም።

ለ«ኢንስታንትሊ» የተዘጋጀ የሚመስል ቃል አለን፤ «በቅጽበት»። ቅጽበት ከግእዝ የመጣ የዓይን ጥቅሻ ነው፤ «ቅጽበተ ዓይን» የሚለውንም የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ያውቀዋል። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያለው ጊዜ ርዝመት የለውም ተብሎ የሚታሰብ ጊዜ ነው፤ ከእንግሊዝኛው ቃል ጋር በሐሳብ አንድ ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚማር ተማሪም «ቅጽበታዊ ፍጥነት» ሲባል የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ በአንዲት የጊዜ ነጥብ ላይ ያለ ፍጥነት።

ለ«ኢሚዲየትሊ» ደግሞ የሚመረጠው ብዙ ነው። በትረካ ውስጥ «ወዲያው» እና «ወዲያውኑ» አሉ። በትእዛዝ ውስጥ «አሁኑኑ» አለ። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «በአስቸኳይ» እና «በአፋጣኝ» አሉ፤ እነዚህ ግን ከክፍተት አለመኖር ይልቅ የጉዳዩን አጣዳፊነት ያጎላሉ። ቀናት የሚቆጠሩበት ጉዳይ ከሆነ «ሳይውል ሳያድር» የሚለውን የሚተካ የለም። ሰውዬው ካለበት ቦታ ሳይነቃነቅ ከሆነ «እዚያው በዚያው» አለ።

ከሁሉም የሚበልጠው መፍትሔ ግን ተውሳከ ግሥ አለመጠቀም ነው። አማርኛ ይህን ሥራ ለግሡ ሰጥቶታል፦ «እንደ ደረሰ ደወለ»፣ «ስብሰባው እንዳበቃ ወጡ»፣ «ሰምታ ሳትጨርስ ተነሣች»። እንግሊዝኛው «ኢሚዲየትሊ አፍተር ዘ ሚቲንግ» ካለ «ከስብሰባው በኋላ ወዲያውኑ» ማለት ስሕተት የለበትም፤ «ስብሰባው እንዳበቃ» ግን አማርኛ ነው።

«ኢሚዲየትሊ» ብቻ የሚገባባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?

ከጊዜ ውጭ ያሉት ሁሉ። ቃሉ የክፍተት ቃል ስለሆነ ክፍተት ባለበት ይገባል፤ በቦታም፣ በዝምድናም፣ በሥልጣን ተዋረድም። ከባንኩ ጀርባ ልክ ቀጥሎ ያለ ሕንፃ በእንግሊዝኛ «ኢሚዲየትሊ ቢሃይንድ» ይባላል፤ እዚህ ላይ «ኢንስታንትሊ» ማለት ፈጽሞ አይቻልም። «ኢሚዲየት» የተባለ አለቃ የሚቆጣ ወይም የሚቸኩል አለቃ አይደለም፤ በእርስዎና በእርሱ መካከል ሌላ ኃላፊ የሌለ፣ በአማርኛ «የቅርብ አለቃ» የምንለው ነው። «የቅርብ ቤተሰብ» እና «የቅርብ መንስኤ»ም እንዲሁ። አማርኛ ለዚህ ክፍል «ቅርብ» የሚለውን ቃል መምረጡን ልብ ያለ ተርጓሚ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።

«ከ… በኋላ» እና «ከ… በፊት» ሲመጡም «ኢሚዲየትሊ» ይመረጣል፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት የምንለካ ስለሆነ ማለት ነው።

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ቅጽ ላይ «ኢሚዲየት ሬላቲቭ» የሚለው እኅትና ወንድምን ይጨምራል?

አይጨምርም። ይህ ጥያቄ አሜሪካ ካሉ ወገኖቻችን ዘወትር የሚመጣ ነው፤ ስሕተቱም ብዙ ተስፋ ያስቆርጣል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በዚህ ስም የሚጠሩት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ የአሜሪካ ዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ የዜጋው ያላገባ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ዜጋው ራሱ 21 ዓመት ከሞላው ደግሞ ወላጆቹ። ለእነዚህ ዓመታዊ የቪዛ ቁጥር ገደብ የለም። ወንድምና እኅት፣ ያገባ ልጅ፣ 21 ዓመት የሞላው ልጅ በሌላ ተራ ውስጥ ይገባሉ፤ የወንድምና የእኅት ተራ ብዙ ዓመታት ያስጠብቃል።

ለእኛ ወንድም የቅርብ ዘመድ መሆኑ አያጠራጥርም፤ በአንድ ቤት አድገናል። ሕጉ ግን ቃሉን በራሱ መንገድ ተርጉሞታል። ቃሉ ስለ ፍጥነትም አይናገርም፤ «አስቸኳይ ዘመድ» የሚል ትርጉም ያየሁባቸው ወረቀቶች አሉ፤ ይህ አንባቢውን ያሳስታል። «ኢሚዲየት ሬላቲቭ» የሆነ ሰው ጉዳዩ በወራት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል።

የውጭ ዜና «ወዲያውኑ ምላሽ አልሰጡም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ይህ የእንግሊዝኛ ጋዜጠኝነት የታወቀ አባባል ነው። ሮይተርስም ሆነ አሶሺየትድ ፕሬስ አንድን ባለሥልጣን ወይም ድርጅት ጠይቀው መልስ ሳያገኙ ዜናው ሲወጣ፣ ለተጠየቀው አስተያየት «ኢሚዲየትሊ» አልመለሱም ብለው ይጽፋሉ። ዓላማው ለተጠያቂው ፍትሐዊ መሆን ነው፦ ጠይቀናል፣ ዜናው እስኪወጣ ድረስ አልደረሰንም፣ ወደፊት ሊመልሱ ይችላሉ። መልስ ከለከሉ ማለት አይደለም። አስተያየት አልሰጥም ያለ ሰው ካለ ዜናው ያንን ለይቶ ይጽፈዋል።

በአማርኛ «ወዲያውኑ ምላሽ አልሰጡም» ሲባል ግን አንባቢው ሁለት የተሳሳቱ ነገሮችን ሊረዳ ይችላል። አንደኛ፣ ቆይተው መልስ ሰጥተዋል ብሎ ይጠብቃል፤ መልሱንም ከታች ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ዳተኛ እንደ ነበሩ የተወቀሱ ይመስለዋል። የአማርኛ ጋዜጠኞች ግን ለዚህ የራሳቸው ጥሩ አባባል አላቸው፦ «ይህ ዘገባ እስከተጠናቀረበት ጊዜ ድረስ ምላሽ አላገኘንም»። ይህ የእንግሊዝኛውን ሐሳብ ከእንግሊዝኛው በላይ አጥርቶ ይናገራል፤ የጊዜውን ወሰን በግልጽ ያስቀምጣልና። ይህን የመሰለ አባባል እያለን ቃል በቃል መተርጎም አያስፈልገንም።

«ኢሚዲየትሊ» ግልጽ አልሆነም የሚለውም እንዲሁ ነው። የአደጋው መንስኤ «ወዲያውኑ ግልጽ አልነበረም» ከማለት «ለጊዜው አልታወቀም» ወይም «እስካሁን አልታወቀም» ማለት ይሻላል። በእነዚህ የዜና አባባሎች ውስጥ «ኢንስታንትሊ» አይገባም፤ ጋዜጠኛው በቅጽበት መልስ አልጠበቀም።

በአደጋ ዜና ላይ ሟቹ «ኢንስታንትሊ» ሞተ ሲባልስ?

ጉዳቱና ሞቱ አንድ ቅጽበት ነበሩ፣ ሕመም የሚሰማበት ጊዜ አልነበረም ማለት ነው። ቤተሰብ ለማጽናናትም ይነገራል፤ ስለዚህ ተርጓሚ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ቃል ነው። «በአደጋው ቅጽበት ሕይወቱ አለፈ» ወይም «እዚያው ሕይወቱ አለፈ» ይሻላል። «ኢሚዲየትሊ» ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ከ… በኋላ» ይከተለዋል፤ ሆስፒታል እንደ ደረሰ ሞተ ለማለት ያገለግላል። ሁለቱን ማምታታት ለሐዘንተኛው ቤተሰብ የተለየ ታሪክ መንገር ነው።

በመድኃኒት ላይ «ኢሚዲየት ሪሊስ» የሚል ተጽፏል። ወዲያው ያድነኛል ማለት ነው?

አይደለም። የሚናገረው ክኒኑ ንጥረ ነገሩን የሚለቅበትን መንገድ ነው። «ኢሚዲየት ሪሊስ» የሆነ ክኒን ሆን ተብሎ የሚያዘገየው ነገር ስለሌለበት ከተዋጠ በኋላ ቶሎ ይሟሟል። «ኤክስቴንድድ ሪሊስ» የሚባለው ደግሞ ቀስ እያለ ለብዙ ሰዓታት እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለቱም መልክ ሊሸጥ ይችላል፤ መጠኑና በቀን የሚወሰድበት ብዛት ስለሚለያይ አንዱን በሌላው መተካት አደገኛ ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀውን ክኒን ሰብሮ ወይም ፈጭቶ መዋጥ ለሰዓታት የታሰበውን መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ሰውነት ሊያስገባ ይችላል፤ ስለዚህ ፋርማሲስት ሳይጠይቁ አይስበሩ።

በተረፈ «የሕክምና ርዳታ ኢሚዲየትሊ ይፈልጉ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ነገ ጠዋት ማለት አይደለም፤ የያዙትን ትተው አሁኑኑ ይሂዱ ማለት ነው።

ለምን «ኢንስታንት» ቡና ተባለ? «ኢሚዲየት» ቡና ለምን አይባልም?

መዘጋጀቱ ጊዜ አይፈጅም የሚል ስያሜ ስለሆነ ነው። የኔስሌ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 በስዊዘርላንድ ለገበያ ያቀረበው ኔስካፌ በእኛ አገር የዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ፈጣን ኑድል፣ ብዙዎቻችን «ኢንዶሚ» የምንለው ዓይነት ምግብ፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 በጃፓን ሞሞፉኩ አንዶ በተባለ ሰው ነው። ሁለቱም የሚሸጡት የድርጊቱን አጭርነት ነው። «ኢሚዲየት ቡና» የሚባል ነገር ቢኖር እንግሊዛዊው ሌላ ከመጠጣትዎ በፊት ቡና ያዘዙ ይመስለዋል። ቡናውን ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ ሦስተኛውን ስኒ እስኪጠጡ መቆየትም ይቻላል፤ እንግዳው እንደ ገባ እሳቱ ከተቀጣጠለ ሥራው በእንግሊዝኛ «ኢሚዲየትሊ» ተጀምሯል።

በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎች በባንክ መተግበሪያቸው ላይ «ኢንስታንት» የሚል የገንዘብ ዝውውር ያያሉ። እዚያ ቃሉ በሕግ ቁጥር ተሰጥቶታል፦ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በዩሮ የተላከው ገንዘብ በየትኛውም ቀንና ሰዓት በ10 ሰከንድ ውስጥ ተቀባዩ ሒሳብ መግባት አለበት። ቅጽበት በባንክ ቋንቋ 10 ሰከንድ ሆነች።

በሕግና በፖለቲካ ሰነድ ውስጥ የትኛው ይጻፋል?

ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ «ኢሚዲየትሊ»። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1990 ባጸደቀው ውሳኔ 660 ኢራቅ ጦሯን ከኩዌት «ኢሚዲየትሊ» እና ያለ ቅድመ ሁኔታ እንድታስወጣ ጠይቋል። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያም የምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ነበረች። መቶ ሺህ ወታደር በቅጽበት ከአገር ሊወጣ አይችልም፤ የተጠየቀው መውጣቱ ሳይዘገይ እንዲጀመር ነው። «ኢንስታንትሊ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ የማይቻል ነገር በተጠየቀ ነበር።

ቃሉ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ በእኔ አስተያየት በቋንቋ ክፍል ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1989 ምሽት ላይ የምሥራቅ ጀርመን ገዥ ፓርቲ ከፍተኛ አመራር የነበረው ጉንተር ሻቦቭስኪ ለጋዜጠኞች መግለጫ ይሰጥ ነበር። ዜጎች ወደ ውጭ እንዲጓዙ የሚፈቅድ አዲስ ደንብ መኖሩን ተናገረ። ከመቼ ጀምሮ ነው ተብሎ ተጠየቀ። ወረቀቱን አገላብጦ በጀርመንኛ ሁለት ቃላት ተናገረ፤ «ዞፎርት፣ ኡንፈርጹግሊኽ»። በእንግሊዝኛ «ኢሚዲየትሊ፣ ሳይዘገይ» ተብሎ ተተረጎመ። ደንቡ ይፋ እንዲሆን የታሰበው በማግሥቱ ነበር፤ ተጓዦችም አስቀድመው ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ሕዝቡ ግን የሰማውን ሰምቶ ወደ ድንበር መተላለፊያዎቹ ጎረፈ። ከእኩለ ሌሊት በፊት የቦርንሆልመር ጎዳና መተላለፊያ ተከፈተ፤ የበርሊን ግንብ በዚያች ሌሊት ሥራው አበቃ።

ከሁለቱ የጀርመንኛ ቃላት የኋለኛው በአገሪቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 121 ላይ ፍቺ አለው፦ በራስ ጥፋት የመጣ መዘግየት ሳይኖር። ይህ ለማንኛውም ውል ጸሐፊ ትምህርት ነው። ሕግ ቅጽበትን አይጠይቅም፣ ያለ በቂ ምክንያት አለመቆየትን ይጠይቃል። ቁርጥ ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቁጥር ይጽፋል። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 33 የመረጃ መሰረቅ ሲያጋጥም መረጃውን የያዙ ድርጅቶች ያላግባብ ሳይዘገዩ፣ በተቻለ መጠንም በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ ያዛል። በአማርኛ ውል ሲያረቅቁም «ወዲያውኑ ያሳውቃል» ብሎ ከመተው «ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል» ማለት ክርክር ያስቀራል።

የአውሮፕላን በረራ ቁጥጥር ቋንቋም ከዚህ ይመደባል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የቃላት መፍቻ «ኢሚዲየትሊ»ን የሚፈቅደው ሊደርስ ከተቃረበ አደጋ ለመዳን ትእዛዙ መፈጸም ሲኖርበት ነው። ተቆጣጣሪው ቃሉን ሲጠቀም አብራሪው ምክንያት አይጠይቅም።

በአሮጌው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሽማግሌዎቹ ኢየሱስን «ኢንስታንትሊ» ለመኑት ይላል። ወዲያው ለመኑት ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ ትርጉም የሚያነቡ ሰዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ቁጥር 4፣ ስለ መቶ አለቃው አገልጋይ የመጡት ሽማግሌዎች «ኢንስታንትሊ» ለመኑት ተብሏል። በዚያ ዘመን ቃሉ «አጥብቀው» ማለት ነበር፤ ከላይ ያነሣነው የላቲኑ «ቀርቦ መጫን» ገና በውስጡ ሕያው ነበር። በሐዋርያት ሥራ 26፥7 ቀንና ሌሊት «ኢንስታንትሊ» እግዚአብሔርን ማገልገል ሲል በትጋት ማለቱ ነው። አዳዲሶቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ቃሉን ለውጠውታል።

የማርቆስ ወንጌል አንባቢ ደግሞ በ«ወዲያው» ብዛት ይደነቃል። የግሪክኛው «ኤውቲስ» በዚያ አጭር ወንጌል ውስጥ 40 ጊዜ ያህል ይገኛል፤ የ1611 ተርጓሚዎችም በልዩ ልዩ ቃላት አፈራርቀው ተረጎሙት። ከእነዚያ አንዱ «አነን» ነበር፤ ዛሬ ይህ ቃል ከተነገረ «በኋላ» ማለት ሆኗል። በማርቆስ 6፥25 የሄሮድያዳ ልጅ የዮሐንስን ራስ «ባይ ኤንድ ባይ» ስጠኝ ትላለች፤ አሁኑኑ ማለቷ ነበር፤ ዛሬ ግን «ውሎ አድሮ» ማለት ነው። በማቴዎስ 21፥19 በለሲቱ «ፕረዘንትሊ» ደረቀች፤ ይህም ያኔ «ያን ጊዜውኑ» ማለት ነበር። «ሱን» የሚለው የተለመደ ቃል እንኳ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «አሁኑኑ» ማለት ነበር።

የፍጥነት ቃላት በሰው አፍ እየቆዩ ይዘገያሉ። ሰው አሁን አደርገዋለሁ ብሎ ይቆያል፣ ቃሉም ከልማዱ ጋር ይጓዛል። እኛም ገና ከቤት ሳንወጣ «መጣሁ» እንላለን፤ ሰሚውም ምን ያህል እንደሚጠብቅ ያውቃል። «ኢሚዲየትሊ» እና «ኢንስታንትሊ» ግን እስካሁን ሳይዘገዩ ቆመዋል፤ ለዚህም ነው ትእዛዝና ሕግ የሚተማመኑባቸው።

«ፕረዘንትሊ» እና «ሞመንታሪሊ»ስ?

እነዚህን እስኪለምዱ ድረስ ባይጠቀሙባቸው እመክራለሁ። «ፕረዘንትሊ» በአሜሪካ ብዙ ጊዜ «በአሁኑ ሰዓት»፣ በብሪታንያ ልማድ ደግሞ «ከጥቂት ጊዜ በኋላ» ነው። «ሞመንታሪሊ» በብሪታንያ «ለአፍታ ያህል»፣ በአሜሪካ ደግሞ «ከአፍታ በኋላ»ም ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ ወገኖች «ጀስት ናው» የሚለውን ይጨምሩበት፤ እዚያ «ቆየት ብዬ» ማለት ነው።

በዓረፍተ ነገር ውስጥ የት ይቀመጣሉ?

ከግሡ በፊት ወይም ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ። በግሡና በተሳቢው መካከል አይገቡም፤ «አይ ኮልድ ኢሚዲየትሊ ማይ ብራዘር» አይባልም። አማርኛ ተውሳከ ግሡን ሁልጊዜ ከግሡ በፊት ስለሚያስቀምጥ እኛም ከግሡ በፊት ማስቀመጥን ብንለምድ አንሳሳትም።

ብሪታንያውያን «ኢሚዲየትሊ»ን እንደ መስተጻምርም ይጠቀሙበታል፦ «ኢሚዲየትሊ አይ ሶው ሂም» ሲሉ «እንዳየሁት» ማለታቸው ነው። አሜሪካውያን ይህን አይሉም፤ «አዝ ሱን አዝ» ይላሉ። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የኋለኛውን ቢይዝ በሁለቱም አገር ያስኬደዋል።

ለአለቃዬ ወይም ለደንበኛ «ኢሚዲየትሊ መልስ ስጠኝ» ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

ለበላይ አይጻፍም፤ ትእዛዝ ይመስላል። «በተቻለ ፍጥነት» የሚለውን የእንግሊዝኛ አቻ ይጠቀሙ፣ ምክንያቱንና ቀኑንም አብረው ይግለጹ። እርምጃውን የሚወስዱት እርስዎ ራስዎ ሲሆኑ ግን ቃሉ ጥሩ ነው፤ «ኢሚዲየትሊ አስተካክለዋለሁ» ማለት እምነት ያሳድራል፤ በእርግጥ የሚያስተካክሉ ከሆነ።

አነባበባቸውና አጻጻፋቸውስ?

«ኢሚዲየትሊ» ላይ ድምፁ የሚበረታው «ሚ» ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት «ኤም» ስላለው እኛ «ም»ን አጥብቀን «ኢምሚዲየትሊ» እንላለን። አማርኛ መጥበቅና መላላትን ስለሚለይ ነው፤ የበዓሉን «ገና» እና «አልደረሰም» የምንልበትን «ገና» የምንለየው በዚያ ነው። በእንግሊዝኛ ግን በአንድ ቃል ውስጥ ፊደል መደጋገሙ ድምፁን አያጠብቅም፤ «ም»ን አላልተው ያንብቡት። ሲጽፉ ግን ሁለቱም «ኤም» ያስፈልጋሉ፤ ከ«ኤል» በፊት ያለችው «ኢ» የተባለች ፊደልም ስለማትሰማ ብዙዎች ይዘሏታል።

«ኢንስታንትሊ» የሚበረታው በመጀመሪያው «ኢን» ላይ ነው። በፍጥነት ሲነገር ሁለተኛዋ «ት» ከ«ሊ» በፊት ትዋጣለች፤ «ኢንስታንሊ» የሚመስል ነገር ቢሰሙ ያው ቃል ነው።